ለላሟ የመጣው ገንፎ

ስስታም የተባልኩት በገዛ በረቴ በር ላይ፣ በጎረቤት ሴቶች ፊት ነው። ያሉኝም የባሌ ታላቅ እህት ናቸው። ሰው ሲቆይ ይበርድለታል ይላሉ፤ እኔ አልበረደልኝም።

መርሳ ከተማ ዳር፣ ከጓሯችን ባለችው በረት አንዲት የተዳቀለች ላም አለችን። ባሌ ወገቡን ከታመመ ወዲህ ቤታችን የቆመው በእሷ ወተት ነው። ይህቺ ላም እንደ አገሬው ላም አይደለችም። ያገሬው ላም ያገኘችውን ትበላለች፣ ስታጣ ወተቷን ይዛ ነፍሷን ታቆያለች። የእኔዋ ግን ለራሷ አታስቀርም፤ አጥንቷን አሟጥጣ ትታለባለች። ስለዚህ ምን እንደምትበላ፣ መቼ እንደምትበላ፣ ምን ያህል እንደምትበላ የሚያውቅላት ሰው ያስፈልጋታል። እሱም እኔ ነኝ።

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደሉን ከልጆቼ ደብተር ለቀምኩት። የላም ነገር ደግሞ ከሬድዮ ሰማሁ፣ ሲሪንቃ የእርሻ ምርምሩ ሰዎች የመኖ ሣር ሲያሳዩ ከሰው ጀርባ ቆሜ አዳመጥኩ፣ ከሁሉም በላይ ከራሷ ከላሟ ተማርኩ። እበቷን አያለሁ። ስታመሰኳ አጠገቧ ተቀምጬ አያለሁ። የላም ሆድ ማለት የቡኮ ዕቃ ነው። ዱቄቱን ቀስ እያልሽ ከጨመርሽ ደህና አድርጎ ይነሳል፤ ባንዴ ከሞላሽው ኮምጥጦ ይገነፍላል። ከመውለዷ በፊት ሣርና አገዳ የለመደች ላም፣ ወለደች ተብሎ ዱቄት አይከመርባትም። ፉርሽካው ዛሬ እፍኝ፣ ነገ እፍኝ ተኩል፣ እያለ እያለ ከወተቷ ጋር ይወጣል። ሣሩ ግን አንድም ቀን አይጓደልም። ጥበቡ ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ላሟ በሰላም ስትገላገል የባሌ እህት ከውርጌሳ መጡ። እትዬ ነው የምላቸው። ለከብት ያላቸውን ፍቅር አልክድም፤ በድርቅ በረታቸው ባዶ ሲቀር በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። ለእሳቸው የጠገበ ከብት ማለት የዳነ ከብት ማለት ነው። በቤተሰባቸው ደግሞ አንድ ወግ አለ። ላም ስትወልድ እንደ ሰው ትታረሳለች፤ ገንፎ ይገነፋላታል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ይመረቃል።

እትዬ ፌስታላቸውን ሳያስቀምጡ በረት ገብተው ከላሟ ፊት ያለውን ፉርሽካ አዩ።

"ይቺ ናት የአራስ ምግብ?"

"ለዛሬ ይበቃታል እትዬ። ቀስ እያልኩ ነው የምጨምርላት።"

"ሱብሃነላህ! አንቺ ስትወልጂ ማን ቀስ አለብሽ? ገንፎውን ከነገበታው አልነበር የምትውጪው?"

ካጥሩ ወዲያ ያለችው ጎረቤቴ ፍርፍር ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። "እኔ እንደ ላም አራት ሆድ የለኝ እትዬ" ብላቸው፣ "ያለሽ መስሎኝ ነበር" አሉኝ። እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር።

በማግስቱ መርሳ ላይ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ጠፍቶ ወልድያ ሄድኩ። ስወጣ ለእትዬም ለባሌም ለምኜ ነገርኩ፤ "ሣርና ውኃ ብቻ። ዱቄት የሚባል ነገር ወደ በረት እንዳይገባ።" ባሌ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እትዬ "እሺ" አላሉም፣ "እንቢ"ም አላሉም። እዚያ ላይ መጠርጠር ነበረብኝ።

ስመለስ ባጃጁ ጆንያዬን ሳያወርድ የእልልታ ድምፅ ከጓሮ ሰማሁ። በረቱን ሴት ሞልቶታል። እትዬ ለላሟ ግንባሯ ላይ ቅቤ አድርገውላታል። ክርስቲያኗ ጎረቤቴ አንገቷን እያሻሸች፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ የኔ እመቤት!" እያለች ሰውን ታስቃለች። ከላሟ እግር ሥር ደግሞ ባዶ ሳህን በባዶ ሳህን ላይ ተነባብሯል። አንዷ የማሽላ ገንፎ፣ አንዷ ዱቄት በውኃ በጥብጣ፣ አንዷ ለቤቷ ያቦካችውን ሊጥ ይዛ መጥታለች። በእኛ አገር አንዷ ይዛ ከመጣች ሌላዋ ባዶ እጇን አትገባም። በእትዬ መንደር ወጉ የአንድ ቤት ገንፎ ነበር፤ እኔ ዘንድ የሰፈር ሆነ። አንዷ ሳህን ብቻዋን ላሚቱን ምንም አታደርጋትም ነበር። የሚገድለው መደራረቡ ነው።

"ይህን ማን ፈቀደ?" አልኩ።

"እኔ!" አሉ እትዬ። "ፍጡር ወልዶ ሲራብ ቆሜ አላይም። ለአራስ ይሰሰታል? ስስታም!"

ለእኛ አገር ሴት ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። ባሌ በዱላው ተደግፎ በር ላይ ቆሟል።

"ነግሬህ አልነበር?" አልኩት።

"እህቴን በሰው ፊት ምን ልበላቸው?" አለኝ። አየሽ! እህቱን በሰው ፊት የሚናገርበት አፍ አጣ፤ እኔን በሰው ፊት ለሚናገሩኝ ግን ጆሮ ነበረው።

ጠዋት ላሟ አላመሰኳችም። ጆሮዋ ቀዝቅዟል፣ ጥርሷን ታፋጫለች፣ እበቷ ውኃ ሆኖ ይኮመጥጣል። የእንስሳት ሐኪሙን አስጠራሁ። መጥቶ ግራ ጎኗን ተጫነና፣ "ምን በላች?" አለ።

"የጎረቤት ፍቅር በላች" አልኩት።

ሐኪሙ አልሳቀም። ሶዳ በውኃ በጥብጦ በጠርሙስ እንድናጠጣት አዘዘ፣ መርፌ ወጋት፣ ከደረቅ ሣር በቀር ምንም እንዳትቀምስ አለ። "መተኛት ከፈለገች አትፍቀዱላት። ከወደቀች መነሳቷን አላውቅም" ብሎ ሄደ። ጥጃዋ በዚያ በኩል ትጮሃለች። እትዬ ጥግ ይዘው ዱዓ ያደርጋሉ። ያን ጊዜ ጮህኩ፤

"እትዬ፣ ዱዓው ላሟን ይዘውም ይሆናል፤ መጥተው ቀንዷን ይያዙልኝ!"

መጡ። ቀንዷን ያዙ። እጃቸው ብርቱ ነው። ጠርሙሱን አፏ ውስጥ ስገለብጥ በለሆሳስ፣ "የእኛዎቹ እኮ እንዲህ አይሆኑም ነበር" አሉኝ።

"የእርስዎዎቹ ስንት ይታለቡ ነበር?"

"አንድ ቅል። ከከፋም ግማሽ።"

"ይቺ ባልዲ ትሞላለች እትዬ። ባልዲ የምትሞላ ላም በቅል ወግ አትታረስም።"



ላሟ አልወደቀችም። እየገፋናት፣ እያቆምናት፣ ሶዳውን እየጋትናት ቆየች፤ በኋላ አንገቷ ላይ ያቺ እብጥ እብጥ የምትል ጉርሻ ወደ ላይ ስትወጣ አየሁ። አመሰኳች። አቅፌያት አለቀስኩ። ነገር ግን በዚያ ወሊድ ባልዲው አልሞላም። ወተት የምወስድላቸው ሻይ ቤቶች ግማሾቹ ሌላ ሰው ያዙ። የተጎዳ ሆድ ቢድን እንኳ ያለፈውን አይመልስም።

የሚያንገበግበኝ ይህ ብቻ አይደለም። ላሟ ስትድን እትዬ ያንኑ የሴቶች ጉባኤ ጠርተው፣ "አልሀምዱሊላህ፣ ዱዓችን ደረሰላት!" አሉ። ስለ ገንፎው አንድ ቃል የለም። ባሌ ደግሞ ማታ ማታ ይጎተጉተኛል፤ "ጮኸሽባቸዋል፣ ታላቅ ናቸው፣ ጉልበት ሳሚ።"

ሳምኩ። እትዬ ወደ ውርጌሳ ሊሄዱ ሲነሱ፣ ሴቶቹ ባሉበት ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። "ለጩኸቴ ይቅር ይበሉኝ፣ ታላቄ ነዎት" አልኩ። ከዚያ ቀና ብዬ ለሁሉም ተናገርኩ፤

"ለላሜ ደስ ያላት ሣር ትያዝላት። ሣር ያጣች ውኃ ትቅዳላት። ዱቄት ይዛ የመጣችን ግን፣ እናቴም ብትሆን፣ ከበር እመልሳለሁ።"

ክርስቲያኗ ጎረቤቴ ብቻ፣ "እሰይ፣ ነጠላዬን ሣር ሞልቼ እመጣለሁ" አለች።

የጠዋቱን ወተት አፍልቼ ለእትዬ በብርጭቆ አቀረብኩ። ከሕመሟ ወዲህ ወፈር ብሎ የታለበ የመጀመሪያው ነበር። እትዬ አዩት፣ በጣታቸው ገፋ አደረጉት።

"ሽጪው" አሉ። "ብሩ ላንቺ ነው የሚያስፈልገው።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን "ሞቼ ልገኝ፣ በአላህ" ብዬ እለምን ነበር። እንግዳ ሳይጠጣ ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም። ያን ቀን ግን አልለመንኩም። ብርጭቆውን አነሳሁና እዚያው ፊታቸው ቆሜ፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣሁት።