አሥራ ስምንት ዲግሪና እናቴ

ሮም ውስጥ ባንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት የተቀጠርኩት ድሃ አገሮች ማገዶ እንዴት እንደሚቆጥቡ ሪፖርት እንድጽፍ ነበር። ሳቅ ካማራችሁ አሁኑኑ ሳቁ። እኔ በሕይወቴ አንድ ቀን እንኳ ጭራሮ ለቅሜ አላውቅም። ከሰል ያቀጣጠልኩት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ጠፍቶብኛል። ግራፍ ስሠራ ግን ማን ይችለኛል! ዘመኑ የደርግ ነው፤ አገር ቤት ገብቶ መሥራት የማይታሰብ ስለነበር፣ ዕውቀቴን ሁሉ የምኖርበት ፎቅ ላይ አራገፍኩት።

ፎቁ ከፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ወረድ ብሎ ነው፤ እኔ አራተኛው ላይ ተከራይቼ እኖራለሁ። ምድር ቤት ካልዳያ የሚሉት በናፍጣ የሚነድ ትልቅ ማሞቂያ አለ፤ ከሱ የሚወጣው ሙቅ ውሃ በቧንቧ እየዞረ ሁሉንም ቤት ያሞቃል። ያን ጊዜ ናፍጣ ተወዶ፣ መንግሥትም ቤት ከሃያ ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ሕግ አውጥቶ ነበር። ነዋሪዎቹ ሊመካከሩ ሲሰበሰቡ እኔም ወረድኩ፤ ተከራይ ብሆንም በማሞቂያ ጉዳይ ድምፅ ነበረኝ። ዝም ብዬ ተቀምጬ መውጣት ስችል፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ እጄን አወጣሁ።

«አሎራ፣ እንግዲህ» ብዬ ጀመርኩ። የመስኮቱን ሽንቁር ሁሉ ብንደፍን፣ በየክፍሉ የሙቀት መለኪያ ብንሰቅል፣ ሃያ ዲግሪ ምን ያደርግልናል፣ አሥራ ስምንት ይበቃናል አልኩ። አጨበጨቡልኝ። ከአፍሪካ የመጣ ሰው አሥራ ስምንት ይበቃኛል እያለ፣ የሮም ሰው በምን አፉ ይበርደኛል ይበል? አንዲት ሴትዮ ብቻ፣ ሁለተኛ ፎቅ ለብቻቸው የሚኖሩ ባል የሞተባቸው ሲኞራ፣ «ይኼ ሰውዬ አብዷል» አሉ። እሳቸውን የሰማ የለም። የካልዳያው ተቆጣጣሪ ሆኜ ተመረጥኩና፣ ደረቴን ነፍቼ ደረጃውን ወጣሁ።

እናቴ የመጡት በዚያው ዓመት ኅዳር ነው። ስንት ደጅ ተጠንቶ፣ ለዓይናቸው ሕክምና ተብሎ፣ የመውጫ ቪዛ ተሰጣቸው። የእኔ ሐሳብ ግን ከዓይናቸው ያለፈ ነበር፤ እኔ ጋ እንዲቀሩ ፈለግሁ። ከእኔ ሌላ ልጅ የላቸውም፤ አንዴ ከተመለሱ ደግሞ ሁለተኛ አያስወጧቸውም። ቀን ከሌት የማስበው ይኼንኑ ነበር። ለማንም ግን አልተነፈስኩም፤ ለራሳቸውም ጭምር።

በመጡ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኮቴን ለብሼ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ፣ «እማዬ፣ ቤቱ ይበርድዎታል?» አልኳቸው።

«ኧረ ደህና ነኝ ልጄ! ምን ይበርደኛል?»

ደብተሬ ላይ «አይበርዳቸውም» ብዬ ጻፍኩና ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ልብ በሉልኝ። እንግዳ ቤቴ መጥቶ «በልቻለሁ» ቢለኝ፣ «በሞቴ!» ብዬ፣ እንቢ ሲል «አፈር ስሆን!» ብዬ፣ ሳላጎርስ የማልለቅ ሰው ነኝ። የመጀመሪያው «አይ» መልስ እንዳልሆነ ያገሬ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። የገዛ እናቴን ስለ ብርድ የጠየቅኳቸው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም እንደ ቆጠራ ሠራተኛ።

ጭራሽ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ምስክር አደረግኳቸው። «እናቴ በዚህ ዕድሜያቸው፣ ከፀሐይ አገር መጥተው፣ አንድ ቀን በረደኝ አላሉም!» ብዬ ስናገር ጎረቤቶቼ ሁሉ አቀረቀሩ። እናቴ ሁለት ጋቢ ደርበው ቤት ውስጥ ሲዞሩ አያለሁ፤ ጋቢ ስለሚወዱ ነው አልኩ። ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ እነዚያው ሲኞራ ዘንድ ይወርዳሉ። በአምስቱ የወረራ ዓመታት የለቀሟት ጥቂት ጣልያንኛ ነበረቻቸውና፣ ጓደኛ አገኙ ብዬ ደስ አለኝ።

ጥር ላይ፣ ምሳ እየበላን፣ «ዓይኔም ዳነ። እንግዲህ አገሬ ልግባ» አሉ።

«ለምን?» ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ከፋኝ፣ ከዚያ አኮረፍኩ። ልጃቸውን ጥለው መሄድ ከቻሉ እኔስ ምን ቸገረኝ ብዬ፣ «ቫ ቤኔ፣ እንዳሉ» አልኩና በሦስተኛው ቀን ትኬት ቆርጬ መጣሁ። እናቴ ትኬቱን አገላብጠው አገላብጠው አዩትና፣ «ፈጠንክ» አሉኝ።

በዚያው ሳምንት በየቤቱ እየዞርኩ ሙቀት የምለካበት የቁጥጥር ቀኔ ደረሰና መለኪያዬን ይዤ የሲኞራን በር አንኳኳሁ። ወጥ ቤት ስገባ እናቴ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ጋቢያቸው መሬት ድረስ ወርዷል። መለኪያው ሃያ ሦስት ይላል። «ይኼ ሁሉ ሙቀት ከየት መጣ?» ስል ሲኞራ «ከሾርባው ነው» አሉ። ምድጃው ላይ ሾርባ የለም። እናቴ ጣራ ጣራውን ያያሉ። ያኔ የሚቃጠል ጨርቅ ሸተተኝ።

«እማዬ ይነሡ!» ብዬ ጋቢውን ብስበው፣ ከወንበሩ ሥር አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንደ ፍም ቀልታ ቁጭ ብላለች። የጋቢው ጫፍ ተለብልቧል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለካ ለእኔ ነው!

ሲኞራ ጮኹብኝ። «አንተ ኤክስፐርት! እናትህ በዚህ በር በገቡ ቁጥር የሚሉት አንድ ቃል ነው፤ ፍሬዶ፣ ፍሬዶ! ብርድ ገደለኝ ይላሉ! እጃቸውን ነክተህ ታውቃለህ? ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?»

«ጠይቄያለሁ» አልኩና ደብተሬን ላሳያቸው ኪሴን ዳበስኩ። ደግነቱ ቤት ረስቼው ነበር።

እናቴን ይዤ ወደ ቤታችን ወጣሁ። እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ፣ «እማዬ፣ በሞቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይበርድዎታል?» አልኩ።

«አይ፣ እንዲያው ትንሽ...»

«አፈር ስሆን!»

«በረደኝ ልጄ» አሉ። «አጥንቴ ድረስ ነው የበረደኝ። ግን አንተ በሰው ፊት እንደዚያ ተናግረህ እኔ ላዋርድህ?»

በማግስቱ ጎረቤቶቹን ሰብስቤ ጥፋቴን ተናገርኩ። ካልዳያው ወደ ሃያ ከፍ እንዲል በአንድ ድምፅ ተወሰነ። ለካ ከሲኞራም ሌላ ሦስት ቤት ውስጥ የተደበቀ ማሞቂያ ነበር። እኔ ናፍጣ ቆጠብኩ ብዬ ግራፍ ስሠራ፣ ፎቁ በሙሉ ኤሌክትሪክ ሲፈጅ ከርሟል።

ከዚያ ልመና ጀመርኩ። «በሞቴ ይቅሩ» አልኩ፤ «አይ» አሉ። ሦስቴ፣ አምስቴ ደጋገምኩት። በመጨረሻ ፊቴን ዳበሱኝና፣ «አገሬ መመለሴን ለሰው ሁሉ ጽፌያለሁ፤ አሁን ምን ብዬ ልቅር? ትኬቱን ከመቁረጥህ በፊት አንዴ በሞቴ ብትለኝ ኖሮ ቀርቼልህ ነበር» አሉ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሳቸውም ሄዱ።

ከዚያ በኋላ በየወሩ ደብዳቤ ይመጣልኝ ነበር። በዚያ ዘመን ደብዳቤ ተከፍቶ ይነበባል ስለሚባል ሰው የልቡን አይጽፍም። የእናቴም ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፤ «እኔ ደህና ነኝ፣ አታስብ። ለሲኞራ ሰላምታ አቅርብልኝ።» ይዤው ወርጄ፣ ወጥ ቤታቸው ተቀምጬ እየተረጎምኩ አነብላቸዋለሁ።

«እውነት ደህና ናቸው?» ይላሉ ሲኞራ።

«እንደሱ ይላሉ።»

«እንደገና ጠይቃቸው።»

እኔም «እማዬ፣ በሞቴ፣ እውነቱን ይጻፉልኝ» ብዬ እጽፋለሁ። በወሩ መልስ ይመጣል። ደህና ነኝ ይላል።