ሙላት የወሰደው የሐሙስ ግጥም

ሙላት ግጥሜን ወሰደብኝ። ግጥሙን ተከትላ ሴትየዋም ሄደች። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ያናገሩኝ አምና በኅዳር፣ ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት ውስጥ ያገኘኋቸው ሦስት ባጃጅ ነጂዎች ናቸው። ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ጣት ያደነዝዝ ነበር። ደረቅ ዳቦዬን ሻይ ውስጥ እየነከርኩ ስበላ፣ አንደኛው ድምፁ እንዲጎላ ስልኩን ባዶ ብርጭቆ ውስጥ አቁሞ ዘፈን ከፈተ። ማሲንቆው ገና ሲጀምር አወቅሁት። «አራቱ» ነው።

«አራቱ» የምንለው ካሴት ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እዚሁ ደብረ ታቦር ጠጅ ቤት ውስጥ ተቀድቶ የወጣ ነው። አራት አዝማሪዎች ነበሩ፤ አንዱ የጋይንት፣ አንዷ የእስቴ፣ አንዱ የፎገራ፣ አንዱ የዚሁ የደብረ ታቦር። እያንዳንዳቸው በየአገራቸው ሠርግ ያለ እነሱ የማይሞቅ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ አራቱ አንድ ላይ ሊዘፍኑ ነው ሲባል አገሩ ሁሉ ጆሮውን አቆመ። ካሴቱ ሲወጣ ግን ያልተሳደበ የለም። የጋይንት ሰው «የኛን ልጅ ድምፅ በእስቴዋ ጩኸት ቀበሩት» አለ። የእስቴ ሰው የዚያኑ ግልባጭ አለ። የቀረው ደግሞ «ብርሌ ሲጋጭ፣ ሰካራም ሲጮህ ይሰማል፤ ይኼ ዘፈን ነው ወይስ ገበያ?» እያለ ተሳለቀ። ጥቂት ቆይቶ የካሴቱን ቀዳዳ በወረቀት እየደፈኑ ስብከት ይቀዱበት ጀመር። ከሁሉ አብልጬ ያጥላላሁት እኔ ነኝ። ምክንያቴን ግን አልተናገርኩም።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ያሉት ልጆች የሚሉት ሌላ ነው።

«ያኔ ይኼን ንቀው ምን ሊሰሙ ኖሯል?» አለ ባለ ስልኩ።

«ጫጫታው እኮ ነው ያበላሸው» አለ ሁለተኛው።

«አንተ ደግሞ ጆሮ የለህም! ጫጫታው ነው እንጂ የሚያምረው። ሰዎቹ መሀል የተቀመጥክ አይመስልህም?»

ሦስተኛው እጁን አነሳ። «ዝም በሉ፣ የሐሙሱ መጣ። ይኼ ሙላት የሚሉት ሰውዬ ባይኖር ካሴቱ ምን ነበረው?»

ዳቦዬን አስቀመጥኩ። «ሙላት ግጥም አያውቅም» አልኩ።

ዞረው አዩኝ። «ጋሼ፣ እርስዎም እዚያ ነበርኩ ሊሉን ነው?»

«ነበርኩ።»

ባለ ስልኩ ሳቀ። «እዚያ ጠጅ ቤት ነበርኩ ያለን ሰው ሁሉ እውነቱን ከሆነ፣ ጠጅ ቤቱ ጉናን ያክል ነበር ማለት ነው!»

ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ነበርኩ እንጂ። ያኔ ከጉና ሥር ገብሱንና ድንቹን ጥዬ ደብረ ታቦር እህል በረንዳ ኩንታል ተሸካሚ ሆኛለሁ። ሙላትም እንደኔው ተሸካሚ ነበር። አንድ ክፍል ተከራይተን፣ አንድ ጋቢ ደርበን እንተኛ ነበር። እኔን «ጉና» እያለ ይጠራኛል። እሱ ድምፁ እንደ ደወል ነው፤ በረንዳው ዳር ቆሞ ሲጣራ መኪና ይቆማል። የኔ ድምፅ ድሮም ሰላላ ነው፣ የእህል አቧራ ሲጨመርበት ደግሞ ጭራሽ ጠፋ።

ሐሙስ ሐሙስ በጭነት መኪና ሐሙሲት ገበያ እንወርዳለን። እዚያ ይርገዱ የምትባል ልጅ ጓያና ሽምብራ ትሰፍር ነበር። ስትሰፍር ጣሳውን አናቱ ድረስ ሞልታ፣ አንድ እፍኝ ትጨምርና «ሂድ፣ ለመንገድህ» ትላለች። ለሁሉም እንዲሁ ነው የምትለው። እኔ ግን ለእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከእሷ ጋር የተነጋገርኩት ቢሰበሰብ ጣሳ አይሞላም። ግጥሙ የመጣልኝ እንግዲህ ከዚያ ነው፤ ኩንታል ከአንገቴ ላይ ሳወርድ ድንገት አፌ ላይ አገኘሁት። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ስለዚህ አልጻፍኩትም፤ እንዳይጠፋብኝ ብቻ ለራሴ እያጉረመረምኩ እዞር ነበር።

ካሴቱ የተቀዳው በጥር ወር፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ጠጅ ቤቱ ጣሪያ ላይ ማይክራፎን አንጠለጠለና «እንደ ሁልጊዜው ሁኑ፣ ጠጡ፣ ስጡ» አለን። ስጡ ማለት ግጥም ነው። እኛ አገር አዝማሪ ብቻውን አይዘፍንም፤ ጠጪው «ተቀበል» ብሎ ግጥሙን ይሰጠዋል፣ እሱ በዜማ ይቀበለዋል፣ ከዚያ የሰጪውን ስም ጠርቶ ያወድሳል። የተወደሰው ሰው ነው የግጥሙ ባለቤት። ጽሕፈትም ማኅተምም የለው፤ ስምህ ተጠራ፣ የአንተ ሆነ።

ሰው ሲሰጥ፣ ሲቀበሉ፣ ጠጁ ሲቀዳ ቆየ። የጋይንቱ ማሲንቆውን እየገዘገዘ ወደ እኛ ወንበር ተጠጋ። እኔ ብጮህም የሚሰማኝ የለም። ወደ ሙላት ጆሮ ጠጋ አልኩና «ይህችን ስጥልኝ» አልኩት። ሙላት ተነሣ፤ «ተቀበል!» ብሎ ቤቱን አናወጠው።

«ለሰው ሰባት ቀን ነው ሳምንቱ ሲቆጠር፣
ለእኔ ሐሙስ ብቻ፣ ሌላው ቀን ይቀበር።»

የጋይንቱ ሲቀበላት ማሲንቆውን ለአፍታ ዝም አሰኘው። አራቱም ተራ በተራ ተቀባበሏት፤ የእስቴዋ ስትደርስ አንድ ሽማግሌ ብርሌውን አስቀምጦ ዐይኑን ጠረገ። ከዚያ የጋይንቱ «እሰይ ሙላት! አፍህ ማር ይብላ፣ የሙላት ሐሙስ!» አለ። ሙላት ወደ እኔ ዞሮ በዐይኑ ጠቀሰኝ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ? ቤቱ ሁሉ ይስቃል።

ካሴቱ ከክረምት በኋላ ወጣ። መጀመሪያ የሰማሁት ወደ ሐሙሲት ስንወርድ፣ ወረታን አልፈን ነው። የፎገራ ሜዳ ገና ውሃ ተኝቶበታል፣ ዳርና ዳሩ አደይ ነው። ሾፌሩ ዘፈኑን ከፈተና አዝማሪው «እሰይ ሙላት!» ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ሙላትን አየው። ደረቱን ነፋ። ገበያው ስንደርስ ይርገዱ ጣሳዋን ሽምብራው ውስጥ ተክላ ቆማ ጠበቀችን።

«አንተ ሙላት፣ ስምህን በካሴት ሰማሁት። የሐሙሷ ማን ናት?»

እኔ ኩንታል ተሸክሜ ከኋላው ነኝ።

«ሐሙስ ሐሙስ ማን ጋ ስቆም ታይኛለሽ?» አላት።

«ሂድ ወዲያ፣ ውሸታም!» አለችና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

እስከ ዛሬ ድረስ የምወቅሰው ለዚህ ነው። ስሙን የጠራው አዝማሪው ነው፣ እሺ። ይህን ግን ማንም አላስገደደውም። ኩንታሉን ማውረድ ረስቼ ቆሜ ቀረሁ፤ ባለ እህሉ «ሰውዬ፣ ልትተክለው ነው?» ብሎ ሲጮህብኝ ነው የነቃሁት።

ስንመለስ ጭነቱ ላይ ተቀምጠን «ለምን እንዲያ አልካት?» አልኩት።

«ምን ልበላት? ጠየቀችኝ፣ መለስኩ።»

«ግጥሙ የኔ ነው።»

«ያንተ አይደለም ያለ አለ? ስጥልኝ አልክ፣ ሰጠሁልህ። ለመሆኑ ያንተ የሐሙሷ ማን ናት፣ ጉና?»

ስሟን ብናገር ነገሩ ያኔ ያልቅ ነበር፣ ወይም ይስቅብኝ ነበር። ሳቁ ታየኝና ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። በዓመቱ አገባት። የሠርጉን ዳስ እንጨት የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ሌላ ክፍል ተከራየሁ። ሚስት አላገባሁም፤ በይርገዱ ምክንያት ነው ብዬ አልዋሽም፣ ብቻ ሳልጠይቅ፣ ሳልጠየቅ ቀረሁ። ማታ ገብቼ እሳት የማነደው ለአንድ ሰው ነው፤ ሽሮው ሁልጊዜ ይተርፋል። እነሱ ቤት የሄድኩት ለክርስትናና ለሐዘን ብቻ ነው። ስሄድ ይርገዱ «ኧረ ጉና፣ ጠፋህ» ትለኛለች። እሷም የምታውቀኝ እሱ ባወጣልኝ ስም ነው።

ከሻይ ቤቱ ወጥቼ የሄድኩ ዕለት ስልክ ያለውን የጎረቤት ልጅ ለምኜ «አራቱ»ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማሁት። ጥሩ ነው። ልጆቹ እውነታቸውን ነው። አራት ድምፅ ሲሻማ ያኔ ድብድብ ይመስለን ነበር፤ ለካስ ማንም ብቻውን ላለመቅረት የሚያደርገው ኖሯል። ይህን ያህል ዘመን ቆሻሻ ስለው የኖርኩት ነገር ማማሩ ይበልጥ አናደደኝ።

ከጥር በኋላ ይርገዱ ታማ ሞተች። ልቅሶው ደብረ ታቦር እነሱ ግቢ ነበር። ሙላት ነጠላዋን በሁለት እጁ ዘርግቶ ክቡ መሀል ቆሟል። ሙሾ አውራጇ ሙሾዋን ጨርሳ ወደ እሱ ዞረች።

«በል እንግዲህ ሙላት፣ ባለ ግጥሙ! ለሐሙስህ አንድ ስጥልን፣ እንቀበልህ።»

ሙላት አፉን ከፈተ። ያ ደወል የነበረ ድምፅ አልወጣም። አንዲት ሴት «አይዞህ፣ በል» አለችው። ዐይኑ ሲንከራተት ቆይቶ ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር እኔ ላይ አረፈ።

«እሱን ጠይቁት» አለ። «ግጥም የሱ ነው። የሐሙሱም የሱ ነው። እኔ ጮኬ ብቻ ነው የሰጠሁት።»

ሰው መንገድ ከፈተልኝ። አጠገቡ ስደርስ ዝቅ ባለ ድምፅ «ላንተም እሷ ነበረች?» አለኝ።

«አዎ።»

«ያኔ ብትነግረኝ እኮ…»

«ብነግርህስ?»

የነጠላዋን አንዱን ጫፍ አስያዘኝ።

ግጥም ሰጠሁ። ሰላላ ድምፄን ለመስማት ሰው ሁሉ ተጠጋ፤ ሙሾ አውራጇም ስሜን ጠርታ ተቀበለችኝ። ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። ዛሬ እጄ ፊደል ያውቃል፣ ግን ያቺ ለእሷ ናት።

አሁን ወሬው ስለደረሳቸው ባጃጅ ነጂዎቹ ሲያዩኝ «ጋሼ ባለ ሐሙሱ!» እያሉ ከመንገድ ማዶ ይጣራሉ። አንዱ ስለ ካሴቱ ላወራለት በነፃ ሊያደርሰኝ ይፈልጋል። እምቢ ብዬ በእግሬ እሄዳለሁ። ከሙላት ጋር አልተኳረፍንም፣ አልተጠያየቅንም። እሱም አሁን እሳት የሚያነደው ለአንድ ሰው ነው። ስሜ እንዲጠራ የፈለግሁት እሷ እንድትሰማ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሰምቶ እሷ ብቻ ሳትሰማ ቀረች። የሆነ ሆኖ ለሚጠይቅ ሁሉ ግጥሙ የኔ ነው። ባለቤቱ የታወቀው በይርገዱ ልቅሶ፣ የካቲት 4 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው።