ብርነሽን ዜላንድ የወሰድንበት ሳምንት

ያን ሳምንት ሳስበው መጀመሪያ የሚመጣብኝ የብርነሽ ደስታ ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ካምፐር የሚሉት ቤት መሳይ መኪናችን ውስጥ እንደገባች ግን ጫማዋን አውልቃ አልጋውንም፣ መጋረጃውንም፣ ትንሿን ምድጃም እንደ ልጅ እየነካካች አየች። "አበባይሽ፣ እኔ እኮ ሀብታም ሆንኩ" አለችኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ብርነሽ ከደሴ ከወጣች ሃያ አራት ዓመት ሆኗታል። መጀመሪያ የስደተኞች ካምፕ ተቀመጠች፤ ከዚያ አምስተርዳም ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስትቀይር ኖረች። በኋላ ቋንቋውን አንገቷን ደፍታ ተማረችና ዴንሃግ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረች አዛውንቶችን የምትንከባከብ ሆነች። ጠዋት ጠዋት በብስክሌቷ እየሄደች ታጥባቸዋለች፣ ታለብሳቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣቸዋለች። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ ልጇን ዮሃናን ብቻዋን አሳደገች፤ ዮሃና አሁን ዞተርሜር በምትባል ጎረቤት ከተማ ነው የምትኖረው። ብርነሽ ቁጡ ናት፣ ቀልደኛ ናት፣ ለወዳጇ ነፍሷን ትሰጣለች። እናቷን አታውቃትም። ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ዓለምወርቅ ናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነው ያስተማረቻት። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይደዋወላሉ። በአካል ከተያዩ ግን አሥራ አንድ ዓመት አልፏቸዋል። ለገና ልትሄድ ፈቃድ ጠይቃ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት የዓለምወርቅ ልጅ ኡራኤል ከደሴ ለባሌ ለባዩ ደወለ። ባዩ የእድራችን ሰብሳቢ ስለሆነ ክፉ ወሬ ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣው እሱ ጋ ነው። ኡራኤል አላድበሰበሰም። እናቱ እሑድ ማታ ሆስፒታል ገብታለች፣ ሐኪሞቹ የቀሯት ጥቂት ቀናት ናቸው ብለዋል፣ ነቃ ባለች ቁጥር ብርነሽን ትጠራለች። ለአክስቱ ራሱ መንገር ፈርቷል። ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት፣ ደም ግፊት አለባት፣ በስልክ ሰምታ ብትወድቅ ማን ያነሳታል? እናንተ እንደሚሆን አድርጋችሁ ንገሯት ብሎ ዘጋው።

እንደሚሆን ማድረግ እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ የታወቀ ነው። ክፉ ነገር ለሰው በስልክ፣ በድንገት፣ ለብቻው አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ ማልዶ በር ይንኳኳል፣ ግራና ቀኝ ደግፎ የሚይዝ ይዘጋጃል። ይህ የመርዶ ደንብ ነው፤ እኛ ለሕመምም አዋልነው። ባዩና ሁለት የእድሩ ሽማግሌዎች ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን ሰፈር፣ እኛ ሳሎን ተቀምጠው መከሩ። ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ስለሆነ መሰብሰብ የሚቻለው ቅዳሜ ነው ተባለ። እስከዚያ ስልክ እንዳትሰማ ከቤቷ ትራቅ። ዮሃናም እዚህ ያደገች ልጅ ናት፣ ከሰማች በዚያው ደቂቃ ደውላ ታፈርጠዋለች፤ እሷም አትስማ። ሻይ እያቀረብኩ ይህን ሁሉ ሰማሁ። ዛሬ ብትነገር ነገ አውሮፕላን ላይ ናት ብዬ ነበር። ባዩ ለመሄድማ ቅዳሜም ትሄዳለች፣ መጀመሪያ እናዘጋጃት አለኝ። ዝም አልኩ። ያን ዝምታዬን በማንም ላይ አላላክክም።

ባዩ ከወደብ መጋዘን ጡረታ ሲወጣ የገዛው አሮጌ ካምፐር አለን። ከገላው ይልቅ እሱን ነው የሚያጥበው። ብርነሽ በየበጋው "ጋሽ ባዩ፣ ዜላንድን መቼ ነው የሚያሳዩኝ?" እያለች ትነዘንዘው ነበር፤ ከሮተርዳም በስተደቡብ ያለውን የደሴቶች አገር ማለቷ ነው። ማክሰኞ ማታ ነገ እንሂድ ሲላት አላመነችም። ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ፈረቃ ተለዋውጣ፣ ድፎ ዳቦ ገዝታ፣ ረቡዕ በጠዋት ደጃፏ ላይ ቆማ ጠበቀችን።

ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ ስልኩ ነበር። ገና ከዴንሃግ ሳንወጣ ቻርጀሯን ከቦርሳዋ አውጥቼ ካልሲዎቼ መሃል ደበቅኩት። ከሰዓት በኋላ ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ተዘጋ። ቻርጀሩን ቦርሳዋን ሁለት ጊዜ ገልብጣ ፈለገች፤ እኔም አብሬያት ፈለግኩ። የእኛ አይገጥምልሽም አልናት። ልግዛ ስትል ባዩ ከዚህ በኋላ ሱቅ የለም አላት። ብዙም ሳይቆይ፣ መንገድ ዳር አቁመን እኔና ባዩ ወርደን ሳለ፣ ዮሃና ለባዩ ደወለች። "ማማ ለምን አታነሳም? አንተ ስጣት እስቲ" ስትለው ተኝታለች ብሎ ዘጋው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ብርነሽ ከፊት ወንበር ላይ ሆና በጎች ትቆጥራለች።

መንገዱ በግድቦቹ አናት ላይ ነው የሚሄደው። በአንድ በኩል ባሕር አለ፣ በሌላ በኩል ከባሕሩ ዝቅ ያለ መስክ። ሰማዩ ግራጫ ሆኖ ወርዷል፣ ነፋሱ ካምፐሩን ወደ ጎን ይገፋዋል። ባዩ ከኋላው የተሰለፈው መኪና ሁሉ እስኪያማርር ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው። ብርነሽ ውኃውን አይታ "ይሄ አንድ ቀን ቢነሳበት እኮ ይህን ሁሉ ሰው በእንቅልፉ ነው የሚወስደው" አለች።

ሐሙስ ቀትር ላይ ባሕሩ ዳር ተቀምጠን የተጠበሰ ዓሣ በላን። ባዩ ለብርነሽ አጥንቱን እየለቀመ ያቀርብላታል። እሷ ስለ ሥራዋ እያወራች ነበር። አንድ አዛውንት ሊሞት ሲል እግሩን ነክታ እንደምታውቅ፣ አለቃዋን ሳትጠይቅ ለልጆቹ እዚያው ደውላ አሁኑኑ ኑ እንደምትላቸው፣ በዚህም አንድ ጊዜ እንደተቆጧት ነገረችን። እንደፈለጉ ይቆጡኝ፣ በእኔ እጅ ልጁን ሳያይ የሞተ የለም አለች።

የባዩ ስልክ ጮኸ። ተነስቶ ወደ ግድቡ ሄደ፣ ጀርባውን ሰጠን፣ ትንሽ ቆይቶ ኮፍያውን አወለቀ። ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤ ከትከሻው አወቅኩ። ዞር ስል ብርነሽ የምታየው እሱን ሳይሆን እኔን ነበር።

"የደበቃችሁኝ ነገር አለ?" አለችኝ።

"ምን እንደብቅሻለን?"

"እስቲ በማርያም በይ።"

"በማርያም" አልኩ።

አመነችኝ። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። የማርያምን ስም በከንቱ እንደማልጠራ ስለምታውቅ ወዲያው ቀለል አላት፣ ሳቀችም። ጋሽ ባዩ ዓሣ ሲለቅሙልኝ ደንግጬ ነው፣ ሰው ሲጠነቀቅልኝ እፈራለሁ አለችኝ።

ባዩ ውኃ ልንቀዳ ስንሄድ ነገረኝ። ዓለምወርቅ በዚያው ቀትር አርፋለች። አሁኑኑ እንመለስ አልኩት። ከእንግዲህማ መርዶ ነው፣ መርዶ ደግሞ በደንቡ ነው፣ ምን ያስቸኩላል አለኝ። በያዝኩት ባልዲ ልለው ነበር። እሱም እያለቀሰ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ የስንቱን ሬሳ አገሩ ያስገባ ሰው ነው። የሚያውቀውን አንድ መንገድ ያለ ቦታው ሄደበት፣ እኔም ከጎኑ ተቀምጬ ሄድኩበት።

ዓርብ ዴንሃግ ሱቅ ሁሉ ከተዘጋ በኋላ እንድንገባ ቀስ እያልን ተመለስን። መንገድ ላይ ብርነሽ በግ ከሚያረቡ ገበሬዎች ሱቅ ቁሙ አለችን። ወፍራም ነጭ የሱፍ ሻርፕ መረጠች። ዓለምወርቅ የደሴን ብርድ አትችለውም፣ ለገና ይዤላት እሄዳለሁ አለች። ልኩን ለማየት እኔ አንገት ላይ ጠምጥማው ወደ ኋላ ብላ አየችኝ። በዚያች ሰዓት እህቷን እየቀበሯት ነበር።

ቅዳሜ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አሥራ ስምንት ሰዎች ሆነን ደረጃዋን ወጣን። ዮሃናን ባዩ ዋዜማውን ነግሯት ስለነበር ዓይኗ አብጦ ከኋላ ቆማለች። ብርነሽ በሩን ከፈተች። ያዘቀዘቅነውን ነጠላ አየች። ትጮሃለች ብለው ሁለት ሴቶች ሊይዟት ተጠጉ፤ እሷ ግን አልጮኸችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ዓለምወርቅ ናት?" አለች። ባዩ አዎ አላት።

"መቼ?"

"ሐሙስ። ትናንት ተቀበረች።"

ሐሙስን እያሰበች እንደነበር ከዓይኗ አውቄያለሁ። ቀጥሎ መታመሟን መቼ እንደሰማን ጠየቀች። እኔ ማክሰኞ አልኳት።

"ጠርታኝ ነበር?"

ባዩ አፉን ሲከፍት "እርስዎን አይደለም ጋሽ ባዩ" አለችው። የምታየው እኔን ነው። ሁለተኛ ልዋሽ አልቻልኩም።

"ጠርታሽ ነበር። ነቃ ባለች ቁጥር።"

ያኔ አንገቷ ተሰበረ። ሴቶቹ ዙሪያዋን ይዘው ለቅሶውን ጀመሩት፤ እኔም እጄን ዘርግቼ ላቅፋት ተጠጋሁ። ቀና ብላ በመዳፏ ደረቴን ያዘችኝ። አልገፋችኝም፣ እዚያው አቆመችኝ እንጂ።

"አበባይሽ፣ አንቺ ከእኔ ጋር አታልቅሺ" አለችኝ።

ድምፅ ሳላሰማ ወጣሁ። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ለቅሶው ገና መነሳቱ ነበር፤ ከሁሉም መሃል የእሷን ድምፅ እለየው ነበር። እስኪያበቁ ድረስ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሰማሁ።