«ጨዋ ልጅ ናት» አልበቃኝም

ትንሿ ልጄ ሁለተኛ ክፍል ሳለች አስተማሪዋ ስለ እሷ የምትነግረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «በጣም ጨዋ ልጅ ናት።» ወላጆች በተጠሩበት ቀን እዚህ አሜሪካ፣ ፖላሪስ የገበያ ማዕከል ከምሠራበት የልብስ ሱቅ ሺፍቴን ጨርሼ፣ የሥራ ባጄን ሳላወልቅ በቀጥታ ሄድኩ። ለሕፃን በተሠራች ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ ተቀመጥኩና «ንባቧስ እንዴት ነው?» አልኳት።

«እያደገች ነው። ጨዋ ናት፤ ማንንም አታስቸግርም» አለችኝ።

ደግሜ ጠየቅኳት። ደግማ ጨዋነቷን ነገረችኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ያኔ ገና ማመስገን አልተውኩም ነበር።

ልጄ ማንበብ እንደማትችል ያወቅኩት እቤታችን ሶፋ ላይ ነው። ስለ አንድ ውሻ የሚያወራ ስስ መጽሐፍ ከትምህርት ቤት ይዛ ትመጣና ታነብልኛለች፤ እኔ ልብስ እያጣጠፍኩ እሰማታለሁ። አንድ ቀን ስትገልጥ ሁለት ገጽ ተጣብቆ አብሮ ተገለጠ። ውሻው ገና ከቤቱ ሳይወጣ ወንዝ ውስጥ ገባ። እሷ ግን የተዘለለውን ገጽ፣ ዓይኗ ፊት የሌለውን፣ አንድም ቃል ሳታጎድል «አነበበችልኝ»። ጣቷ ሌላ ቃል ላይ ይሄዳል፣ አፏ ሌላ ይናገራል። መጽሐፉን በሙሉ በቃሏ ይዛው ነበር።

ልብሱን አስቀመጥኩት። ሥዕሉን በመዳፌ ሸፍኜ አንዲት አጭር ቃል አሳየኋትና «ይቺን ብቻ አንብቢልኝ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ቃሏን ትታ ፊቴን ነበር የምታነበው፤ መልሱን ከእኔ ልታገኝ። ካጣችው በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ማሚ፣ ዶንት ቴል ማይ ቲቸር» አለችኝ። ለአስተማሪዬ እንዳትነግሪብኝ ማለቷ ነው። ማስተማር ሥራዋ ከሆነው ሴትዮ፣ ያልተማረችውን ለመደበቅ ስንት ነገር በቃሏ ስታጠና ከርማለች።

ትምህርት ቤቱ ደካማ ለሆኑ ልጆች ድጋፍ እንዳለው ነግሮናል። ድጋፉ ምን እንደሆነ በዓይኔ ማየት ፈለግኩ። ለክፍሉ የእጅ ሥራ ቀን ፈቃደኛ ወላጅ ሲጠየቅ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩና ወረቀት እየቆረጥኩ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። የንባብ ሰዓት ሲደርስ ጎበዞቹ ልጆች ምንጣፉ ላይ አስተማሪዋን ከበው ተቀመጡ። ልጄና ሌሎች ጥቂቶች በሩ አጠገብ ወዳለው ጠረጴዛ ሄዱ፤ ሄድፎን አጠለቁ፣ ታብሌት ከፈቱ። ስክሪኑ ላይ የድመት ሥዕል ይመጣል፤ ከሥሩ ቃላት ይደረደራሉ። ልጄ የመጀመሪያውን ነካች፣ አልሆነም። ቀጣዩን ነካች፣ አልሆነም። ሌላውን ነካች፤ ኮከብ በራ። የነካችውን ቃል አንዴም አላየችውም። ኮከቡን ብቻ ነበር የምታሳድደው። ድጋፍ ይሉት ይህንን ነበር።

አስተማሪዋን ክፉ ናት አልልም። ክፍሉ ሙሉ ነው፣ እሷ አንድ ሰው ናት። አዘንኩላት። ግን ለእሷ መድከም ብዬ ልጄን መገበር አልቻልኩም።

ልጆቹ ለምሳ ሲወጡ ያየሁትን ነገርኳት። በደንብ ሰማችኝ። ከዚያ ራሷን ዘንበል አድርጋ «ምናልባት ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብትናገሩ ይረዳታል» አለችኝ። አባባሏ ትሕትና ነበረው። ልጄ የተወለደችው እዚሁ ኮሎምበስ ነው። በአማርኛ ሳናግራት የምትመልስልኝ በእንግሊዝኛ ነው። ስትጣላ በእንግሊዝኛ፣ ስታልም በእንግሊዝኛ። አማርኛውን ብተውስ በምን ላሳድጋት? የኔ እንግሊዝኛ ደንበኛ ለማስተናገድ ይበቃል። ልጅ ለመቆጣትና ለማባበል ግን አይበቃም። ያን ቀን ማታ እራት ላይ ከወትሮው አብልጬ በአማርኛ አወራሁ፤ እልህ ነበር።

ደግሞም ነገሩ የቋንቋ እንዳልሆነ የማውቅበት ነገር ነበረኝ። ቤተ ክርስቲያን ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃናትን ፊደል የምታስተምር ወጣት አለች። ስለ ልጄ ስጠይቃት «ከሀ እስከ ፐ ትዘምረዋለች፤ አንዱን ለብቻው ነጥዬ ሳሳያት ግን ይጠፋታል» አለችኝ። ያው የውሻው መጽሐፍ ነው። በእንግሊዝኛም በአማርኛም ጆሮዋ ይይዛል፣ ዓይኗ ላይ ሲደርስ ግን ይበተናል። ታላቅ እህቷ በዚያው ቤት፣ በዚያው አማርኛ አድጋ መጽሐፍ ከእጇ አይለይም።

ልጄን የሚመረምር ባለሙያ ይመደብልኝ ብዬ ልጠይቅ መሆኔን ለባለቤቴ ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ዝምተኛ ነው፤ በልጆቹ ጉዳይ ተከራክሮኝ አያውቅም ነበር። «ተዪ» አለኝ። «አንዴ ስም ካወጡላት አይለቃትም። ጊዜ ስጪያት።»

መጀመሪያ ወደዚህ አገር ስንመጣ ሊንደን ሠፈር ቤታቸው ያስጠጉን እትዬም ከእሱ ጋር ሆኑ። አሁን የምንኖርበት ሠፈር፣ ብሌንደን ታውንሺፕ ድረስ መጥተው መከሩኝ። «ልጄ፣ የፈረንጅ ቢሮ ገብተሽ ድምፅ አታሰሚ። ይጽፉባታል። ዝም ብለሽ ጸልዪ።»

«ጸሎቱን አልተውኩም፣ እትዬ። ዝምታውን ነው የተውኩት» አልኳቸው። ቅር ብሏቸው ሄዱ። እኔም ቅር አለኝ፤ ግን አልተመለስኩም።

ጥያቄዬን ለመስማት ትምህርት ቤቱ ስብሰባ በጠራበት ቀን ባለቤቴ እንደማይመጣ ሲነግረኝ ከርሞ፣ መጨረሻ ላይ መኪናውን አስነስቶ በር ላይ ጠበቀኝ።  ክፍሉ ውስጥ ዳይሬክተሯ፣ አስተማሪዋና እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ልጆች የምታስተምር ሌላ ሴት ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው መሐል ስልክ አለ፤ ስልኩ ውስጥ አስተርጓሚ። አያስፈልገኝም ብል ደንብ ነው አሉኝ። ይሁን ብዬ ተቀመጥኩ።

ዳይሬክተሯ ስለ ትዕግሥት ረጅም ንግግር አደረገች። ልጆች በየራሳቸው ጊዜ ያድጋሉ፣ ዓመቱ ይለቅና እናያለን። አስተርጓሚው በለሰለሰ የአዲስ አበባ አማርኛ «እኅቴ፣ ትንሽ ይታገሡ፣ ልጅዎ ደህና ናት እያሉ ነው» አለኝ።

«ደህና አይደለችም» አልኩ በአማርኛ። «ማንበብ አትችልም። ድጋፍ የምትሉት ታብሌት መነካካት ነው፤ እሱማ ቤትም አላት። ችግሯ ምን እንደሆነ የሚመረምር ሰው እፈልጋለሁ፤ ዓመቱ እስኪያልቅ አልጠብቅም። እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ።»

አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገና በእንግሊዝኛ ጀመረ። እናትየው ስለምታደርጉላት ሁሉ ከልብ ታመሰግናለች፤ ምናልባት ወደፊት ጊዜ ሲኖራችሁ...

«አላመሰገንኩም!» አልኩ በእንግሊዝኛ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ስልኩ ጎንበስ አልኩ። «ወንድሜ፣ ከአፌ ያልወጣ ምስጋና አይስጡልኝ።»

«እንዳይቀየሙብዎ ብዬ ነው እኮ፣ እኅቴ።»

«ይቀየሙ።»

ከዚያ በኋላ በራሴ እንግሊዝኛ ቀጠልኩ። ሰዋስው የሚባለውን መንገድ ላይ አራገፍኩት። የውሻውን መጽሐፍ ነገርኳቸው፣ ኮከቡን ነገርኳቸው፣ ፊደሉን ነገርኳቸው። «ቋንቋ ነው ካላችሁ ታላቅ እህቷ ለምን አነበበች? አማርኛ ነው ካላችሁ አማርኛውንስ ለምን ማንበብ አቃታት?» አልኳቸው።  የመለሰችልኝ እስከዚያ ድረስ ስታዳምጥ የነበረችው የቋንቋ አስተማሪዋ ናት። «ይህቺ ልጅ እንግሊዝኛዋ እንደ ማንኛውም ልጅ ነው። እኔ ጋ መላክ አልነበረባትም፤ ይህን ቀድሜም ብያለሁ» አለች። ዳይሬክተሯ ወደ እሷ ዞር ብላ ስታያት፣ ቀድሞ ተናግራው ሰሚ ያጣ ነገር መሆኑ ገባኝ።

«ሂደት አለን» አለች ዳይሬክተሯ።

«ጥሩ። ሂደቱ በምን ይጀምራል?»

«ወላጅ በጽሑፍ ሲጠይቅ።»

«ወረቀት ስጡኝ።»

እዚያው ጻፍኩት። ልጄ ማንበብ አትችልም፣ እንድትመረመር እጠይቃለሁ አልኩ። ስፔሊንጉ ትክክል አልነበረም፤ ግድም አልሰጠኝ። ፈረምኩበት፣ ኮፒ አድርጋችሁ ስጡኝ አልኩ፣ ሰጡኝ።

መኪና ውስጥ ባለቤቴ ሞተሩን ሳያስነሳ መሪውን ያዘ። ከዚያ ወደ መስታወቱ እያየ «እኔም እንዲህ ነበርኩ» አለ።

«እንዴት?»

«ፊደሉ ይሸሸኝ ነበር። መምህሩ ክፍሉ ፊት አቁሞ ደደብ ይለኛል፣ ልጆቹ ይስቃሉ። ሠፈር ውስጥም ያው ስም ተከተለኝ። ትምህርት ያቋረጥኩት በድህነት ነው እላለሁ እንጂ በድህነት አይደለም። እሷን ስም እንዳያወጡላት ነው የፈራሁት።»

ስንት ዓመት አብረን ስንኖር ይህን አላውቅም ነበር። ደብዳቤ ሲመጣ «አንቺ እይው፣ ደክሞኛል» የሚለኝ ለዚህ ኖሯል። እጁን ያዝኩት። «ስምማ አውጥተውላታል» አልኩት፤ «ጨዋ ብለው። ጨዋ ብለው በር ላይ አስቀምጠዋታል።» አንገቱን ነቀነቀ። ሞተሩን አስነሳ።

ምርመራው ጊዜ ወሰደ፤ በመሐሉ ስልክ መደወል አላቋረጥኩም። የመረመረቻት ባለሙያ ውጤቱን ስትነግረን ልጄን አጠገቧ አስቀምጣ ነው። ታሪክ ሲነገራት ከእድሜዋ በላይ ትረዳለች፤ ፊደልን ከድምፅ ማገናኘት ላይ ግን ትቸገራለች፤ ስሙ ዲስሌክሲያ ይባላል፤ በትክክለኛ መንገድ ከተማረች ታነባለች። ከሁለት ቋንቋ የመጣ አይደለም፤ አማርኛችሁን ቀጥሉ አለችን። ልጄ እግሯን እያወዛወዘች ሰማችና «ታዲያ ደደብ አይደለሁም?» አለች፤ በእንግሊዝኛ።

በቤታችን ማንም ይህን ቃል ብሏት አያውቅም። ራሷ ነበረች ለራሷ የሰጠችው። መልስ ልሰጣት አፌን ስከፍት ባለቤቴ ቀደመኝ። «እኔም እንዳንቺ ነኝ» አላት በአማርኛ። ዞር ብላ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ዩ ቱ?» አለች። «አዎ፣ እኔም» አላት። ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።

ከዚያ በኋላ የንባብ አስተማሪ ተመደበላት። በየቀኑ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ከሁለት ልጆች ጋር ተቀምጣ፣ ድምፅ በድምፅ፣ እያንዳንዱን ድምፅ በጣቷ ጭኗን መታ መታ እያደረገች ትማራለች። ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን እስከ ክረምቱ ብርድ ብቻ ቆየ። በረዶው ሲበረታና መምህራን ሲታመሙ የንባብ አስተማሪዋን ወስደው የቀሩ አስተማሪዎችን ክፍል ያስይዟት ጀመር። ልጄ ስትመጣ «ዛሬም አልመጣችም» ትለኛለች። ኮል አደረግኩ። ጸሐፊዋ መልእክት አስተላልፋለሁ አለችኝ። እንደገና ኮል አደረግኩ። ከጊዜ በኋላ ድምፄን ስትሰማ ስሜን ሳልነግራት በረጅሙ ስትተነፍስ ይሰማኛል።

አንድ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ትምህርት ቤቱ ቢሮ ሄጄ ተቀመጥኩ። «ቀጠሮ አለሽ?» አለችኝ ጸሐፊዋ። «የለኝም። የልጄ ትምህርት ግን ቀጠሮ አለው፤ እሱን ነው የምጠብቀው» አልኳት። ዳይሬክተሯ ወጥታ አየችኝ፣ ገባች፣ ደግማ ወጣች። በመጨረሻ ወደ ክፍሏ አስገባችኝና የመምህር እጥረት እንዳለ አስረዳችኝ። እውነቷን ነው፣ እጥረት አለ። «ታዲያ እጥረት ባለ ቁጥር ለምንድን ነው የሚጎድለው ሁልጊዜ ከእነዚህ ልጆች ላይ?» አልኳት። «ከምንጣፉ ላይ ለምን አይጎድልም?»  በሚቀጥለው ሳምንት የንባብ አስተማሪዋ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። እዚያ ቢሮ ውስጥ ምን ብለው እንደሚጠሩኝ መገመት አያቅተኝም። ይጥሩኝ።

ሦስተኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ልጆቹ ስለ አንድ እንስሳ የጻፉትን ለወላጆች የሚያነቡበት ዝግጅት ነበር። የኔ ልጅ ኤሊ መረጠች። ተራዋ ሲደርስ ወጣችና ቀስ እያለች ጀመረች። መሐል ላይ አንድ ረጅም ቃል ያዛት። ከፊት የተቀመጠ ልጅ ሳቀ። አስተማሪዋ ጠጋ ብላ ቃሉን ልትሾክሽክላት ስትል ልጄ መዳፏን ዘርግታ አስቆመቻት። ጣቶቿ ጭኗ ላይ መታ መታ አሉ። አዳራሹ ጠበቀ። ቃሉን አወጣችው፣ ቀጠለች፣ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከሁሉም ልጆች ረጅም ጊዜ የወሰደችው እሷ ናት። ባለቤቴ ቆሞ አጨበጨበ፤ ብቻውን ነበር የቆመው፣ አልተቀመጠም።

አሁን አራተኛ ክፍል ናት። ዛሬም ንባቧ ከጓደኞቿ ይዘገያል። ፊደሉንም ቅዳሜ ቅዳሜ እየተማረች ነው፤ ሰ እና በ አሁንም ይምታቱባታል። በቅርቡ ስብሰባ ጠርተውን፣ በጣም ስለተሻላት የንባብ ሰዓቷን በግማሽ ልንቀንሰው አስበናል አሉን። አስተርጓሚ አልነበረም። የምለውን በልቤ አዘጋጅቼ አየር ስስብ፣ ባለቤቴ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ፣ በዚያ ጥቂት በሚናገረው እንግሊዝኛው፣ ዳይሬክተሯን ዓይን ዓይኗን እያየ «ኖ» አላት።