ያልተፋሁት ሳኬ

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ አጋማሽ፣ እዚሁ ሚኒያፖሊስ ነው። ብዙ ዓመት አልፎትም ሳስበው ያበሽቀኛል፤ ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ።

ያኔ አንድ የጃፓን ምግብ ቤት ዕቃ አጣቢ ነበርኩ። ጀርባዬ ከማጎንበስ ብዛት ቀና ማለት አቅቶት ነበር። ማናጀሬ ሊንዳ አስተናጋጅ ላደርግሽ አለችኝ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። አስተናጋጅ የሚሆን ሰው ሳኬ የሚባለውን ከሩዝ የሚሠራ የጃፓኖች መጠጥ ቀምሶ፣ ጣዕሙን ለእንግዳ መናገር አለበት።

እኔ ደግሞ ጴንጤ ነኝ። መጠጥ የሚባል ነገር ቀምሼ አላውቅም። ባሌን ታደሰን ባማክረው "ፓስተሩን ጠይቂ" አለኝ። ፓስተሩ "ጸልዪበት" አሉኝ። የኳየራችን መሪ እህት ሰናይት ደግሞ "እንዳታስቢው!" አለችኝ። ስለ ጀርባዬ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስድስት ሆነን ለቅምሻ ቆምን። ሊንዳ አምስት ዓይነት ሳኬ በትንንሽ ብርጭቆ ቀዳችልን። አጠገባችን ባልዲ ተቀምጧል። ለካ ባለሙያ ቀማሽ ተጉመጥምጦ ይተፋዋል! ጠጪ ባልደረቦቼ ሁሉ ተራ በተራ ተፉ። እኔ ግን የቀዳችልኝ ሴት ፊቴ ቆማ እያየችኝ እንዴት ልትፋው? ሰው ያቀረበልኝን ከአፌ ማውጣት ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። ዋጥኩት። አምስቱንም! ከስድስታችን የጠጣሁት እኔ የማልጠጣዋ ብቻ ነኝ።

አራቱ ሩዝ የተቀቀለበት ውኃ ነው የመሰሉኝ። አምስተኛው ግን ሌላ ነው። ቅዝቅዝ ያለ ነው፤ ሽታው ዘይቱን ዘይቱን ይላል። ምላሴ ላይ የበሰለ ኮክ ሆነ፤ ሲወርድ ደግሞ ጥሜን ቆረጠው። ሊንዳ ስትጠይቀኝ ይህንኑ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ዘረገፍኩላት። አጨበጨበችልኝ።

"ከሰኞ ጀምሮ አስተናጋጅ ነሽ" አለችኝ። ከዚያ ፊቴን አየት አድርጋ "ሁሉንም ዋጥሽው እንዴ? መኪና እንዳትነጂ!" አለች።

ታደሰ ሊወስደኝ መጣ። የኳየር ልምምድ ስለነበረን እህት ሰናይትም ከፊት ተቀምጣለች። ከኋላ፣ ከሰባት ዓመቷ ልጄ አጠገብ ገባሁ። ልጅቷ አሸተተችኝና "ማሚ፣ አር ዩ ድራንክ?" ብላ ጮኸች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ምን ጉድ ነው? ኤክስፕሌይን አድርጊልን እንጂ!" አለች ሰናይት። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ባልዲውን፣ ለመትፋት ማፈሬን፣ ሥራውን ማግኘቴን። ቤተ ክርስቲያናችን ያለችበት ብሩክሊን ሴንተር ልንደርስ ስንል ሰናይት ዞር ብላ እጄን ያዘችኝ።

"አይዞሽ፣ ጌታ ልብሽን ያውቃል። መቼም መራራ ነው፣ አይደል?"

ታደሰ በመስታወቱ ያየኛል።

"በጣም መራራ ነው" አልኩ።

ሁለቱም እፎይ አሉ። ታደሰ እንዲያውም ፈገግ አለ።

ስለ መዋጤ ንስሐ አልገባሁም፤ አፍሬ ነው የዋጥኩት። ያቺ አንዲት ቃል ግን ታንገበግበኛለች። ለማላውቃቸው እንግዶች ስለ ሳኬው ጣዕም በየቀኑ እውነቱን እናገራለሁ፤ አብሮኝ ለሚኖረው ሰው ግን ዋሸሁ። ታደሰ ይህን ካነበበው ያንብበው፤ ጣፋጭ ነበር።