ለሥዕል ጀርባዋን የሰጠች አሮጊት

በየወሩ መግቢያው ነጻ በሚሆንበት እሑድ አንዲት አሮጊት አረንጓዴ ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ ፍሎረንስ ከተማ ወዳለው ኡፊዚ ሙዚየም ትመጣለች። ዓለም ባሕር ተሻግሮ የሚሰለፍላቸውን ሥዕሎች ዞራም አታያቸው፤ መስኮቱን ተደግፋ ከአርኖ ወንዝ ማዶ ያለ አንድ ሰገነት ላይ ታፈጣለች። ዕድሜዋን የኖረችበት ቤት ነው፤ አከራይዋ «ቱሪስት ይሻለኛል» ብሎ ከከተማው ውጭ አሽቀንጥሯታል።

«አበባዬን ዛሬም ውኃ አላጠጡትም፣ እነዚህ ደንቆሮዎች!»

«እማማ፣ ሥዕሉ እኮ ከኋላዎ ነው» ይላታል ጥበቃው።

«እሱማ የት ይሄድብኛል ልጄ!»

እውነቷን ነው። ከተማውን ይገዛ የነበረው የሜዲቺ ዘር የመጨረሻዋ ልዕልት ሀብቷን ለከተማው ስታወርስ፣ አንድም ሥዕል ከፍሎረንስ እንዳይወጣ በውል አስራ ነው የሞተችው። ሰው ግን ግድግዳ ላይ ስለማይሰቀል ረስታዋለች።