አረንጓዴዋ ዝንብ እና ጋሽ መኮንን

ዛሬ ናይሮቢ፣ ጊጊሪ ሰፈር ባለው ቢሮዬ መስኮት ላይ አንዲት አረንጓዴ ዝንብ ጥዝዝ ስትል በወረቀት ልመታት ተነሣሁ። እጄን እንዳነሣሁ ጋሽ መኮንን ትዝ አሉኝ።

ልጅ ሆኜ እዚሁ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር ጎረቤታችን ነበሩ። አገር ቤት የከብት ሐኪም፣ ናይሮቢ የስልክ ሽፋን ሻጭ። አንድ ቀን እናቴ በረንዳ ላይ የሰቀለችው ቋንጣ ላይ ዝንብ አይታ ነጠላ ጫማዋን አወለቀች።

«ቆዪ እስቲ! መጀመሪያ ማን እንደሆነች እንወቅ» ብለው ጋሽ መኮንን ደረሱና ዝንቧ ግድግዳው ላይ ስታርፍ የሻይ ብርጭቆ ደፉባት። እኔንም አስጠጉኝ። «የቤት ዝንብ ግራጫ ናት፤ ጀርባዋ ላይ አራት ጥቁር መስመር አላት። ይቺ ግን መስመር የላትም፤ እንደ ብረት ታብረቀርቃለች። ሥጋ ላይ እንቁላል የምትጥለው እሷ ናት። እንዴት ታምራለች!»

«ቋንጣዬስ?» አለች እናቴ።

«ያረፈችበትን ጣዪው።»

«አስጥለውኝ ደግሞ ያደንቋታል!» ብላ እየተነጫነጨች አወረደችው።

በማግስቱ አዲስ ሥጋ ዘልዝላ፣ ከበረንዳው ወደ ታች ተጣራች፦ «ዶክተር! እስቲ ብቅ ይበሉ! ይቺ ዝንብስ የትኛዋ ናት?»

ናይሮቢ ከገቡ ወዲህ ማንም እንደዚያ ጠርቷቸው አያውቅም። የስልክ ሽፋኖቹን እንደታቀፉ ቆመው ቀሩ።

ዛሬ እኔም ወረቀቱን አስቀምጬ የቢሮዬ ዝንብ ላይ ብርጭቆ ደፋሁባት። ጀርባዋ ላይ መስመር የለም።

«ልክ ነዎት፣ ዶክተር» አልኩ።